ጫፍ የሌለው ዱቄት፦ የተዛባ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የአቶም አደራደር እንዴት ይታወቃል?

ጥቁር_ዱቄት፦
ሰላም ለመድረኩ አባላት። ጥያቄዬ ረጅም ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። በብርሃን ኃይል ከውኃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ እሠራለሁ። ዱቄቱን የማዘጋጀው በውኃ ውስጥ በማዝቀጥ ነው። ሲደርቅ ነጭ ነው፤ በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳቆየው ግን እየጠቆረ ይሄዳል። ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ያስቸገረኝ ማንነቱ ነው። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያችን ስመረምረው አንድም ሹል ጫፍ የለውም። የተኛ ግመል ጀርባ የመሰሉ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት።

ጽሑፋችንን የገመገመው ሰው፣ የአቶሞቹን አደራደር ሳናውቅ ስለ አሠራሩ የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው ብሎ መለሰልን። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሁለት ቀን ሳስብበት ግን እውነቱን ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ናሙናውን በሲንክሮትሮን (እጅግ ብርቱ ኤክስሬይ በሚሰጥ ትልቅ ማፋጠኛ) ለካነው፤ ፒዲኤፍ አወጣንለት፤ አንዱ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ከሆነው ከአናቴዝ ክሪስታል ተነሥቼ 3,000 አቶሞች ባሉት ሣጥን ላይ የተገላቢጦሽ ሞንቴ ካርሎ (አቶሞችን በዘፈቀደ እያንቀሳቀሰ ከልኬቱ ጋር የሚያስማማ ስሌት) አስኬድኩ። የስሌቱ መስመርና የልኬቱ መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል፤ በዓይን መለየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1.6 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው) ላይ ትንሽ ነገር ግን ግልጽ የሆነ ጫፍ አለ። በተለመደው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የታይታኒየምና የኦክስጅን ርቀት ወደ 1.95 ነው። ስለዚህ በጣም አጭር የሆነ፣ ድርብ ትስስር የሚመስል የታይታኒየምና የኦክስጅን ጥንድ፣ ታይታኒል የሚባለውን፣ አግኝቻለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ዱቄቱ ንቁ የሆነውም በዚህ ይመስለኛል። ይህን ብቻ ይዤ ብመልስ ይበቃል?

አላፊ_አግዳሚ፦
ከሙያው ውጭ ነኝ፤ ግን ርእሱ ስቦኝ ገባሁ። ፒዲኤፍ ምንድን ነው? ጫፍ ከሌለስ መሣሪያው ምኑን ነው የሚለካው?

ዝምተኛ_ጨረር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራ ዲፍራክሽን የሚያየው ድግግሞሽን ነው። አቶሞች በአንድ ዓይነት ርቀትና አቅጣጫ ሺህ ጊዜ ሲደጋገሙ የተበተነው ጨረር በጥቂት ማዕዘኖች ላይ ይከማቻል፤ ጫፍ የምንለው ይህን ነው። ድግግሞሹ ሲጠፋ ጨረሩ በየማዕዘኑ ይሠራጫል እንጂ አይጠፋም። ለብዙ ዘመን እንደ ቆሻሻ ከሥር እየተቆረጠ ሲጣል የኖረውም ይኸው የተሠራጨ ጨረር ነው፤ መረጃው ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ፒተር ደባይ በ1915 እንዳሳየው፣ ክሪስታል ባይኖርም እንኳ የማንኛውም የአቶሞች ስብስብ ብትነት በጥንዶቹ መካከል ካለው ርቀት ብቻ ሊሰላ ይችላል። ያንኑ መንገድ በፉሪየር ስሌት ወደኋላ ስንሄድበት የጥንድ ርቀት ስርጭት እናገኛለን፤ ፒዲኤፍ ብለን የምናሳጥረው እሱን ነው። አንድ አቶም ላይ ቆሞ በየርቀቱ ስንት ጎረቤት እንዳለ እንደ መቁጠር ነው። አቅጣጫ ግን አያውቅም። «በ1.95 አንግስትሮም ላይ ጎረቤት አለ» ይላል እንጂ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አይነግርህም።

አሁን ወደ ጥቁር ዱቄት ልመለስ። ልጄ፣ «ጫፍ የለውም፣ ስለዚህ የተዛባ ነው» የሚለውን ነገር ቶሎ አትመኚው። በመዳብ ጨረር አንድ ናኖሜትር ስፋት ያለው ፍጹም የአናቴዝ ክሪስታል ብትለኪ ዋናው ጫፉ፣ በ25.3 ዲግሪ ላይ ያለው ማለቴ ነው፣ የጫፍን ስፋት ከክሪስታሉ መጠን ጋር በሚያያይዘው የሼረር ቀመር ሲሰላ ስፋቱ ስምንት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ጉብታ ይሠራል። ደቃቅ ክሪስታልና ሥርዓት አልባ ነገር በተራ ዲፍራክሽን አንድ ይመስላሉ። ፒዲኤፍሽ እስከ ስንት ርቀት ድረስ ይታያል? ልኬቱስ እስከ ስንት ኪው (በብትነቱ ማዕዘንና በጨረሩ የሞገድ ርዝመት የሚወሰነው ልክ) ደረሰ?

ጥቁር_ዱቄት፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ኪው እስከ 22 በአንግስትሮም ደርሷል። ፒዲኤፉ ከ12 አንግስትሮም በኋላ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። በመዳብ የሚሠራው የራሳችን መሣሪያ ከ8 ብዙም ስለማያልፍ ነበር ወደ ሲንክሮትሮን የሄድነው።

ዝምተኛ_ጨረር፦
መልካም አደረጋችሁ። የምታዪው ዝርዝር ፓይ ለኪው ሲካፈል ከሚመጣው ጋር የሚቀራረብ ነውና፣ በ8 ላይ ብትቆሙ ከ0.39 አንግስትሮም በታች ያለ ልዩነት አይለይም ነበር። በ22 ወደ 0.14 ይወርዳል። ይህ ለታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በአናቴዝም፣ በሌላው ክሪስታሉ በሩታይልም እያንዳንዱ ታይታኒየም በስድስት ኦክስጅን ተከቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይሠራል፤ የሚለያዩት ቅርጾቹ እርስ በርስ በሚያያዙበት መንገድ ነው። አናቴዝ ከጎረቤቶቹ ጋር አራት ጠርዝ ይጋራል፣ ብሩካይት ሦስት፣ ሩታይል ሁለት። ጠርዝ ሲጋሩ ሁለቱ ታይታኒየሞች 3.04 አንግስትሮም በአናቴዝ፣ 2.96 በሩታይል ይራራቃሉ። ማዕዘን ብቻ ሲጋሩ ርቀቱ 3.79 በአናቴዝ፣ 3.57 በሩታይል ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንቺ ልኬት መለየት ይከብዳል፤ የኋለኞቹን ግን በግልጽ ታያለሽ። በ3.79 ላይ ምን አለ?

በማይክሮስኮፕ_ስር፦
ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? ዘመናዊ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቶሞችን አንድ በአንድ ያሳያል። በ2021 ደግሞ ሥርዓት የሌለው የብረቶች ቅይጥ ቅንጣት ውስጥ ያሉ ከ18,000 በላይ አቶሞች ያሉበት ቦታ በሦስት አቅጣጫ ተለይቶ ታውቋል። ናሙናውን ይላኩልንና እንየው።

ሰሌዳና_ስሌት፦
ወዳጄ፣ እርስዎ የጠቀሱት ሥራ ድንቅ ነው፤ ግን ቅንጣቱ ከባድ ብረቶች የያዘ፣ ጨረሩን የሚቋቋም ነበር። ቅንጣቱ እየተሽከረከረ ከብዙ ማዕዘን ተነሥቶ፣ ምስሎቹ ተደምረው ነው አቶሞቹ ያሉበት ቦታ የታወቀው። የእርሷ ናሙና ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘ፣ በኤሌክትሮን ጨረር ሥር ኦክስጅኑን የሚያጣ፣ አንዳንዴም እያያችሁት ክሪስታል የሚሆን ነገር ነው። ሃያኛውን ምስል ስታነሡ የመጀመሪያው ናሙና የለም። አንድ ምስል ብቻ ካነሣችሁ ደግሞ የሚታየው ጥላ ነው፤ በአምስት ናኖሜትር ውፍረት ውስጥ ያሉ አቶሞች ተደራርበው ሥርዓት ያለ ያስመስላሉ፣ ያለውንም ይሸፍናሉ።

በማይክሮስኮፕ_ስር፦
ለኦክሳይድ ልክ ነዎት፤ ቸኩያለሁ። ነገር ግን ማይክሮስኮፕ ሊመልሰው የሚችል አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ያለ እሱ ደግሞ የፒዲኤፉ ነገር አደገኛ ነው። ጥቁር ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በ2011 ሲተዋወቅ በ20 ባር የሃይድሮጅን ግፊት፣ በ200 ዲግሪ አካባቢ ለአምስት ቀን የቆየ ናኖክሪስታል ነበር። የተዛባው ላይኛው ቆዳው ብቻ ነው፤ ውስጡ ክሪስታል ሆኖ ቀርቷል። ጥቁር ዱቄት፣ የእርስዎ ናሙና እንዲህ ቆዳና አስኳል ያለው ከሆነ ፒዲኤፍ የሁለቱን ድብልቅ አማካይ ይሰጥዎታል፤ ያ አማካይ ደግሞ በየትኛውም የቅንጣቱ ክፍል ውስጥ የሌለ ነገር ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ መጠን ባለው ጨረር ጥቂት ቅንጣቶች ይመልከቱ፤ አስኳል ካለ ወዲያው ይታያል።

ሰሌዳና_ስሌት፦
እኔን ያሳሰበኝ «አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል» ያሉት ነገር ነው። የተገላቢጦሽ ሞንቴ ካርሎ፣ ማክግሪቪና ፑስታይ በ1988 ሲያቀርቡት ጀምሮ የሚታወቅ ጠባይ አለው፦ የታዘዘውን ያደርጋል። አቶም ያንቀሳቅሳል፤ መስመሩ ከልኬቱ ጋር ይበልጥ ከተስማማ ይቀበላል፣ ካልተስማማ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ኬሚስትሪ አያውቅም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሣጥንዎ 3,000 አቶሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ሦስት ልኬት አለው፤ 9,000 የማይታወቁ ቁጥሮች ማለት ነው። መረጃዎ ስንት ራሱን የቻለ ቁጥር ይዟል? ኪው 22 ሲባዛ በ12 አንግስትሮም፣ ሲካፈል ለፓይ፣ 84 ይመጣል። ሰማንያ አራት! በኮምፒውተር ላይ መስመሩ በሺህ ነጥብ ስለተሣለ መረጃው ሺህ አይሆንም። በ84 ቁጥር 9,000 ቁጥር መወሰን አይቻልም፤ ስለዚህ መስማማቱ የሚጠበቅ ነው። ባይስማማ ነበር የሚገርመኝ። ከሩታይል ተነሥተው ያስኪዱት፤ በዘፈቀደ ከተበተኑ አቶሞችም ያስኪዱት። ሦስቱም እኩል ከተስማሙ ልኬቱ በመካከላቸው ለመፍረድ አቅም የለውም ማለት ነው።

ዝምተኛ_ጨረር፦
በእሱ ላይ እኔም አንድ ልጨምር። የ1.6 ጫፍ ያጠራጥረኛል። ልኬቱ በ22 ላይ በድንገት ስለሚቆረጥ ፉሪየር የውሸት ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ በየ0.28 አንግስትሮም ገደማ ይመላለሳል፤ ከ1.95 በስተግራ የሚያርፍ ጉብታም ሊሠራ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኪውን 16፣ 18፣ 20፣ 22 ላይ እየቆረጥሽ ፒዲኤፉን አራት ጊዜ አውጪው። የውሸቱ ሞገድ ቦታውን ይለውጣል፤ እውነተኛ ርቀት ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ጥቁር_ዱቄት፦
ሁለት ቀን ሠርቼ ተመለስኩ። ከሰሌዳና ስሌት ጥያቄ ልጀምር፦ ከአናቴዝ፣ ከሩታይል፣ ከዘፈቀደ፣ ሦስቱም እኩል ተስማሙ። በሣጥኖቹ ውስጥ ግን ጠርዝ የሚጋሩት ቅርጾች ብዛት ለየቅል ነው። እውነቱን ለመናገር ሆዴ ባር ባር አለ። ወደ ማይክሮስኮፕም ናሙና ሰጥቻለሁ፤ ባየናቸው ቅንጣቶች ውስጥ አስኳል የለም፤ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።

የምሥራቹ ግን ጋሼ እንዳሉት በአራት ቦታ ቆረጥኩት፤ የ1.6 ጫፍ ንቅንቅ አላለም! ትንንሾቹ ሞገዶች ወዲያና ወዲህ ሲሉ እሱ እዚያው ነው። ስለዚህ ታይታኒሉ እውነት ነው ማለት አይደለም?

ዝምተኛ_ጨረር፦
ዱቄቱን በምን ውስጥ አድርገሽ ነው የለካሽው?

ጥቁር_ዱቄት፦
በአንድ ሚሊሜትር የሲሊካ መስታወት ቱቦ። ለምን ጠየቁኝ?

ዝምተኛ_ጨረር፦
በሲሊካ ውስጥ የሲሊኮንና የኦክስጅን ርቀት 1.61 አንግስትሮም ስለሆነ ነዋ። ሁለቱ ኦክስጅኖች እርስ በርስ የሚራራቁት ደግሞ 2.63 ያህል ነው። እስቲ በ2.6 አካባቢ መስመርሽ ትንሽ አላበጠም? አንቺ ዘንድ ይህ ቦታ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኖችም ስለሚሞላ ጎልቶ አይታይ ይሆናል፤ 1.6 ላይ ግን ሌላ ጎረቤት ስለሌለ ተጋልጧል። ጫፉ እውነተኛ ርቀት መሆኑን ፈተናው አረጋግጦልሻል፤ የማን ርቀት እንደሆነ ግን አልነገረሽም።

እንዲህ ዓይነት ዱቄት ለስላሳ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ሲገባ አብዛኛው አየር ነው። ከተበተነው ጨረር ብዙው ከመስታወቱ ይመጣል። የባዶ ቱቦው ልኬት ሲቀነስ በጥቂት በመቶ ቢያንስ የቀረው መስታወት ፒዲኤፍ ውስጥ ይገባል። ይህን የምነግርሽ ከመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ ስድስት ወር ሙሉ አንድ «አዲስ ትስስር» ሳሳድድ ኖሬ በመጨረሻ የያዝኩት ቱቦዬን ነው።

ጥቁር_ዱቄት፦
ማምሻውን የልኬት መዝገቡን አገላበጥኩ። የባዶ ቱቦው ልኬት አለ፤ የተወሰደው ግን ከሌላ እሽግ በወጣ፣ ግድግዳው ቀጠን ባለ ቱቦ ነው። እኔው ራሴ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፦ «የመጀመሪያው እሽግ አልቋል፤ ከሁለተኛው ተወሰደ።» በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የጻፍኩት ነው፤ ትርጉሙ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የሚቀነሰውን ከፍ እያደረግኩ ሞከርኩ። ጫፉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ፤ በ2.6 ላይ የነበረውም እብጠት አብሮት ወረደ። ታይታኒሌ፣ አራተኛው ሥዕሌና ሁለት ገጽ ትንታኔዬ አብረው ሄዱ። ከሁሉ የገረመኝ የሞንቴ ካርሎው ታዛዥነት ነው፤ መስታወቱን ለማስተናገድ ሲል ኦክስጅኖችን ወደ ታይታኒየም 1.6 ድረስ ጎትቶ አምጥቷቸው ነበር፤ መስመሩም ፍጹም ይስማማ ነበር።

ገምጋሚ_ሁለት፦
ስሜ እንደሚነግራችሁ በሁሉም ዘንድ የተጠላሁ ሰው ነኝ። ጥቁር ዱቄት፣ ከማተም በፊት መድረስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አይዘኑ። ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቀው ከወዲሁ ልለምንዎት፦ «የኦክስጅን ጉድለት አለ» ለማለት በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን የተለካውን፣ በ531.5 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለውን የኦክስጅን ጫፍ አያምጡብኝ። በየሳምንቱ ይመጣብኛል። የሌለ አቶም ኤሌክትሮን አይረጭም! በዚያ ቦታ የሚታየው በአብዛኛው ላይ የተለጠፈ ሃይድሮክሲልና ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ለዘቀጠ ዱቄት ደግሞ ይህ የታወቀ ነው። ታይታኒየም ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሦስት ፖዘቲቭ መሆኑን ማሳየት ከፈለጉ ጥንድ የሌላቸውን ኤሌክትሮኖች የሚለየው የኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ አለ፤ እጅግ ጥቂቱን ይለያል።

ቢጫ_ናሙና፦
ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ። እኔ የምሠራው ካርቦን ናይትራይድ ነው፤ ቢጫው፣ በ2009 በሚታይ ብርሃን ሃይድሮጅን እንደሚያወጣ የተዘገበው። እኔ ዘንድ ጫፍ አለ፤ በ27.4 ዲግሪ ላይ አንድ ጠንካራ፣ በ13 ላይ አንድ ደካማ። ስለዚህ «ግራፋይት መሰል ሲ3ኤን4» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነኝ አይደል?

ዝምተኛ_ጨረር፦
ይቅርታ አድርግልኝና ነፃ አይደለህም። የ27.4 ጫፍ የሚነግርህ ንብርብሮቹ በ3.26 አንግስትሮም ተደራርበዋል የሚለውን ብቻ ነው። ንብርብሩ ውስጥ ስላለው ነገር ምንም አይልም። ሊቢግ በ1834 ሜሎን ብሎ የሰየመው ቢጫ ዱቄት አለ፤ በየመጋገሪያው የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው፦ ከካርቦንና ከናይትሮጅን የተሠሩ የሄፕታዚን ቀለበቶች ረጅም ሰንሰለት ሠርተው፣ ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር ጎን ለጎን ተያይዘው። ፍጹም የሲ3ኤን4 መረብ ሃይድሮጅን የለውም፤ የካርቦንና የናይትሮጅን ጥምርታውም 0.75 ነው። የሜሎን ጥምርታ 0.67 ሲሆን በክብደት 1.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ይዟል። የንጥረ ነገር ትንተና አስደርግ፤ ማንነቱን በአንድ ከሰዓት ታውቃለህ።

ኤክስሬይ እዚህ ሁለት ጊዜ ዕውር ነው። ስድስት ኤሌክትሮን ያለውን ካርቦን ሰባት ካለው ናይትሮጅን አይለይም፤ ሃይድሮጅንን ደግሞ ከሞላ ጎደል አያየውም። ስለዚህ ነው የሜሎን ጉዳይ በ2007 ሲፈታ የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን፣ የጠጣር ኤንኤምአር (የአቶም አስኳሎችን በማግኔት መስክ የሚመረምረው)ና የኮምፒውተር ስሌት መቀናጀት የነበረባቸው። ኤንኤምአር የሚያየው ናይትሮጅን 15 በተፈጥሮ ከሺህ አራት እንኳ ስለማይሞላ ናሙናውን በተበለጸገ ናይትሮጅን መሥራት ያስፈልግ ይሆናል። ውድ ነው፤ ግን መልስ ይሰጣል።

ቢጫ_ናሙና፦
0.68 የሚል ውጤት ከድሮው መዝገባችን ላይ አገኘሁ። «የመሣሪያ ስሕተት» ተብሎ ተሠርዟል። ዝም ብዬ ልሂድ።

ሰሌዳና_ስሌት፦
ሳቅኩ። ወደ ዋናው ልመለስ። ጥቁር ዱቄት፣ ልኬቱ ብቻውን ካልፈረደ ሌላ ምስክር መጥራት ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የታይታኒየምን የኤክስሬይ መምጠጥ እለካ ነበር። ታይታኒየም ከ4966 ኤሌክትሮን ቮልት ጀምሮ ኤክስሬይን አጥብቆ ይመጥጣል፤ መምጠጡ በድንገት ከሚያሻቅብበት ከዋናው ግድግዳ በፊት ያሉት ትንንሽ ጫፎች የጎረቤት ቁጥር ይነግራሉ። ስድስት ኦክስጅን ሲከቡት ጫፎቹ ደካማ ናቸው፤ አራት ሲከቡት አንድ ጠንካራ ጫፍ ዝቅ ባለ ኃይል ላይ ይወጣል፤ አምስት በመካከል ነው። ቁመቱን ብቻ ካዩ አራትና ስድስት የተቀላቀሉበት ናሙና አምስት መስሎ ያታልላል፤ ስለዚህ ቁመቱንም ቦታውንም አብረው ያንብቡ።

ቀጥሎ ኒውትሮን። በኤክስሬይ ፒዲኤፍ ውስጥ የሁለት ኦክስጅኖች ርቀት ድርሻ 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በታይታኒየም ጫና ተውጧል። ኒውትሮን ግን ታይታኒየምን በኔጌቲቭ ምልክት ነው የሚበትነው፤ የታይታኒየምና የኦክስጅን ጫፍ ቁልቁል ይዞራል፤ የኦክስጅኖቹ ግን ወደ ላይ ይቆማል። አንድ የአቶም ሣጥን ሁለቱንም መስመር በአንድ ጊዜ እንዲያሟላ ሲገደድ የማምለጫው ቀዳዳ ይጠባል። ናሙናው ሃይድሮጅን ስላለበት ግን በከባድ ውኃ ለውጠው ዲዩቴሪየም ያድርጉት፤ ተራ ሃይድሮጅን ኒውትሮንን በየአቅጣጫው እየረጨ ልኬቱን በጭጋግ ይሸፍነዋል።

የመጨረሻው የራሴ ሙያ ስለሆነ በሐቅ ልናገር። ሞዴሎችን ለማወዳደር በማሽን ትምህርት የሠለጠነ የኃይል ስሌት ተጠቅሞ አቅልጦ ማቀዝቀዝ ፋሽን ሆኗል፤ ጥሩ መሣሪያም ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀዘቅዘው በሴኮንድ ከመቶ ቢሊዮን ዲግሪ ባላነሰ ፍጥነት ነው፤ የሚቀልጠውም ንጹሕ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። የእርስዎ ዱቄት ቀልጦ አያውቅም። ከውኃ ውስጥ ነው የዘቀጠው፤ ሃይድሮክሲልና ውኃ በመካከሉ አለ። ሁለቱ አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሞዴሉን ከነውኃው ይሥሩት፤ ወይም ቢያንስ ዱቄቱ ሲሞቅ የሚያጣውን ክብደት ለክተው ስንት ውኃ እንዳለበት ይወቁ።

ገምጋሚ_ሁለት፦
ለዚህ እኔም አጨበጭባለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልተነሣም። እስካሁን የጠራችኋቸው ምስክሮች ሁሉ ስለ ጠቅላላው ዱቄት ነው የሚመሰክሩት። ሃይድሮጅኑን የሚያወጣው ከመቶ አንድ የማይሞላ ቦታ ቢሆንስ? ፒዲኤፍም፣ መምጠጡም፣ ኒውትሮኑም አያዩትም። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «የዱቄቱ አደራደር ይህ ነው» እና «ሥራው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይለያዩ።

ጥቁር_ዱቄት፦
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ክሩ አልተዘጋም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ለይቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጨርሶ ሰረዝኩት።

ኤክስሬይውን ትክክለኛ ባዶ ቱቦ ይዘን ደግመን ለካነው። 1.6 ላይ ምንም የለም። ጋሼ መጀመሪያ ላይ ጠይቀውኝ ሳልመልስ ያለፍኩት የ3.79 ነገርም አሁን ግልጽ ነው፦ እዚያ ጫፍ የለም። በ3.0 አካባቢ ጠርዝ የሚጋሩት ይታያሉ፤ ማዕዘን የሚጋሩት ደግሞ ከ3.6 በታች ተዘርግተዋል። ስለዚህ ደቃቅ አናቴዝ ነው የሚለው ወድቋል። የመምጠጡ ልኬት ቁመቱም ቦታውም በአምስትና በስድስት መካከል ነው፤ አራት ጎረቤት ያለው ታይታኒየም ቢኖር እንኳ ጎልቶ አይታይም። በክብደቱ ውኃውን ቆጥረን ሣጥኑን ከነሃይድሮክሲሉ ሠራነው፤ ሁለቱን ልኬቶች አብሮ እንዲያሟላ አስገደድነው፤ ከሃያ የተለያዩ መነሻዎችም አስኬድነው። አሁን «መዋቅሩ ይህ ነው» ብዬ አንድ ሥዕል አላቀርብም። ሃያዎቹን አንድ ላይ አስቀምጬ የሚስማሙበትን በደማቅ መስመር፣ የሚለያዩበትን በሳሳ ጥላ ሣልኩት። የጎረቤት ቁጥር ላይ ሁሉም ይስማማሉ። የጠርዝና የማዕዘን ጥምርታ ላይ በጠባብ ክልል ውስጥ ይወዛገባሉ። የቅርጾቹ ቀለበት ስንት አባል አለው በሚለው ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ያወራል፤ ስለዚህ ስለ ቀለበት አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ኒውትሮኑ ቀርቷል፤ በሚመጣው ወር ተራ ደርሶናል። በከባድ ውኃ መለወጡ ተሳክቷል፤ የቸገረኝ ማሸጉ ነው። ዱቄቱ አየር ባገኘ ቁጥር እርጥበት ይስባል፤ ዲዩቴሪየሙ ተመልሶ በተራ ሃይድሮጅን ይተካል። እንዴት ታሽጋላችሁ?

ዝምተኛ_ጨረር፦
የአርጎን ሣጥን ውስጥ ሙዪው፤ የቫናዲየም ጣሳ ተጠቀሚ፤ ቫናዲየም ኒውትሮንን አስተባብሮ የሚበትነው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የራሱን ጫፍ እምብዛም አያመጣብሽም። ክዳኑን በኢንዲየም ሽቦ አጥብቂው። ከዚያ ጣሳውን መዝኚ፤ ከልኬቱ በኋላም መዝኚው፤ ክብደቱ ከጨመረ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ባዶውንም ጣሳ ለኪ። ያንኑ ጣሳ፣ ሌላ አይደለም።

ጥቁር_ዱቄት፦
ያንኑ ጣሳ። ቁጥሩን በስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፣ ጋሼ።